እጇን ያላወጣችው ልጅ

ባለፈው ክረምት የዓመት ፈቃዴን የወሰድኩት ለመተኛት ነበር። በጋዜጠኝነት ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፤ ፈቃድ ስወጣ የምፈልገው ስልኬን አጥፍቼ ጣሪያው ላይ የሚወርደውን ዝናብ መስማት ብቻ ነው። መካኒሳ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት የምታስተምረው ታናሽ እህቴ ግን ሌላ ሐሳብ ነበራት። ትምህርት ቤቱ በክረምት የሰፈሩን ልጆች ከጠዋት እስከ ቀትር ያውላል። በሩ ላይ «ሰመር ካምፕ» የሚል ጨርቅ ተሰቅሏል፤ ድንኳን ግን የለውም። ያለው ግማሹ ጭቃ የሆነ ግቢ፣ ዝናብ ሲመጣ የሚሸሹበት ሸራ፣ ሁለት ኳስና አንድ ረጅም ገመድ ነው። ልጆቹን ከሚይዙት ወጣቶች አንዱ ቋሚ ሥራ አግኝቶ ሲሄድ እህቴ ወደ እኔ መጣች።

«አንተ ያዝልን» አለችኝ።

«እኔ ልጅ ይዤ አላውቅም።»

«ሚኒስትር እያፋጠጥክ የስምንት ዓመት ልጅ ያቅትሃል?»

«ሚኒስትር ሱሪው ላይ አይሸናም።»

«አጣርተሃል?» አለችና ሳቀች። በዚያው ተስማማሁ።

የመጀመሪያው ቀን የሆነውን ሳላስውብ ልናገር። ፊሽካ ነፋሁ፤ የሰማኝ አልነበረም። አባሮሽ ልናጫውት አስበን የጨዋታውን ሕግ በዝርዝር አስረዳሁ፤ ማን ሲነካ እንደሚወጣ፣ ወሰኑ የቱ ጋ እንደሆነ፣ አለመግባባት ቢፈጠር ማን እንደሚዳኝ። አንድ ልጅ በትዕግሥት አዳመጠኝና «ቲቸር፣ አሁን ዝም ብለን እንጫወት?» አለኝ። ተጫወቱ። ያለ እኔም ሕጉን ያውቁት ነበር።

ቀስ በቀስ ለመድኩ። ገመድ ማዞር ቻልኩ። የተጣሉትን ለያይቼ ማን እንደጀመረ ማጣራት ትቼ ሁለቱንም ኳስ ማስያዝ እንደሚሻል ገባኝ። ከዚያ አንድ ቀን፣ ዝናቡ አቁሞ ፀሐዩ ድንገት ሲከር፣ አንድ ጉንጫም ልጅ ሲሮጥ ቆይቶ ጭቃው ላይ ዘፍ አለ። «ዓይኔ ጨለመብኝ» አለ። ውሃ አጠጣነው፤ ወዲያው ተነስቶ መሮጥ ጀመረ። ዳይሬክተሯ ግን ቢሮዋ አስጠራችኝ። ድምጿን ከፍ የማታደርግ ሴት ናት።

«ልጅ ሮጦ ውሃ ካልጠጣ ጥፋቱ የልጁ አይደለም» አለችኝ። «የአንተ ነው።»

ትክክል ነበረች። በማግስቱ የራሴን ሕግ አወጣሁ፦ ከጨዋታ በኋላ ውሃ ሳይጠጣ የሚቀመጥ የለም። ባለቧንቧውን ጀሪካን ወንበር ላይ አስቀምጬ በሰልፍ አጠጣቸው ጀመር። ሥርዓት እወዳለሁ፤ ሰልፉን ሳይ ደስ ይለኝ ነበር።

ጊዜው ፍልሰታ ነው። እኔም እጾማለሁ፤ ማለቴ ሥጋና ወተት አልነካም እንጂ ሰዓት አልጠብቅም። ልጆቹ መካከል የሚጾም ካለ ማወቅ እንዳለብኝ አስቤ በጥያቄ ጀመርኩ።

«ከእናንተ መካከል የሚጾም ማን ነው? እጃችሁን አውጡ።»

እጅ እንደ ደን በቀለ። ከፊት ጥርሷ አንዱ የወለቀባት ወሬኛ ልጅ ሁለቱንም እጆቿን አውጥታ ነበር። በመካከላቸው ያለ አንድ ሙስሊም ልጅም አወጣ።

«አንተ ደግሞ ምን አገባህ?» አልኩት።

«ረመዳንን ግማሽ ጾሜያለሁ፣ ቲቸር።»

«አሁን ረመዳን አይደለም እኮ።»

«ቢሆንም ችሎታው አለኝ።»

ልጆቹ በሳቅ ወደቁ፤ እኔም ሳቅሁ። የወጣ እጅ ሁሉ የዜና ምንጭ አይሆንም ብዬ ጥያቄውን ተውኩት። አንድ ነገር ግን አስተዋልኩ፤ ማስተዋል ሥራዬ ስለሆነ አይቀርልኝም። ከኋላ የተቀመጠች ቀጭን፣ ሹሩባ የተሠራች ልጅ እጇን አላወጣችም። ጭኗ ላይ አስቀምጣ መሬት መሬት ታያለች። ቢያንስ አንዲት እውነተኛ ልጅ አለች አልኩ በልቤ፤ ይህቺ አትጾምም። በዚያ ሁሉ ጫጫታ መካከል አገኘሁት ብዬ የያዝኩት ብቸኛ መረጃ ይህ ነበር።

ከሁለት ቀን በኋላ ነው ነገሩ የሆነው። ገመድ ዘለው ላብ በላብ ሆነዋል። ተራው እጇን ያላወጣችው ልጅ ጋ ሲደርስ ኩባያውን ሞልቼ ሰጠኋት። ይዛው ቆመች።

«ቲቸር፣ እኔ ይቅርብኝ።»

«ለምን?»

«አልጠማኝም።»

«ሳይጠጣ የሚቀመጥ የለም። ሕጉን ታውቂያለሽ።»

ወደ ጓደኛዋ ዞረች፤ ያቺ ጥርሷ የወለቀባት ልጅ ከሰልፉ ኋላ አንገቷን አስግጋ ታየናለች። ወደ እኔ ተመልሳ «ትንሽ ብቻ?» አለችኝ።

«እስከ ታች።»

እስከ ታች ጠጣች። «ጎበዝ» አልኳት፤ ኩባያውን ተቀብዬ ለቀጣዩ ሞላሁ።

በማግስቱ አልመጣችም። መቅረት ልማዷ ስላልነበረ ጓደኛዋን ጠየቅኋት።

«አሟት ነው።»

«ምኗን?»

«ሆዷን።» ትንሽ አሰበችና «ጭንቅላቷንም» አለች።

ሁለት ምክንያት የሚሰጥ ሰው ሦስተኛ የደበቀው አለ። ጎንበስ ብዬ ዓይኗን እያየሁ ዝም አልኩ። ሥራ ላይ ከጥያቄ ይልቅ ዝምታ እንደሚያስወራ ተምሬያለሁ። በልጅ ላይ ስሞክረው የመጀመሪያዬ ነበር፤ መሥራቱ አላኮራኝም።

«ለማንም አልናገርም ብዬ ምዬላታለሁ» አለች።

«እሺ፣ አትንገሪኝ።»

ከንፈሯን ነከሰች። አልቻለችም። «ውሃ አጠጥተዋት ቆረበች እኮ!»

አጠገቧ ያሉት ሴት ልጆች «ውይ! ተናገረች!» ብለው አፋቸውን ያዙ። ሚስጥሩን ሁሉም ያውቁት ኖሯል። የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ነገሩን ከአራት አፍ ሰበሰብኩት። ልጅቷ ከጾሙ መግቢያ ጀምሮ በየቀኑ ትቆርብ ነበር፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ከውሃው ሰልፍ ሹልክ እያለች ታመልጠኝ ኖሯል። ከእኛ ግቢ ወጥታ ነጠላዋን ለብሳ ከአያቷ ጋር ወደ ሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች። የሚቆርብ ሰው ደግሞ ከማታ ጀምሮ እህልም ውሃም አይቀምስም፤ ይህን የማያውቅ የሰፈር ልጅ የለም። እኔም አውቅ ነበር። ልጅ ሳለሁ እናቴ በፍልሰታ ታስቆርበኝ ነበር፤ ከንፈሬ ደርቆ ቅዳሴው የማያልቅ ይመስለኝ እንደነበር እስካሁን አስታውሳለሁ። ያን ቀን ግን ኩባያ ይዤ ስቆም አላሰብኩትም። አለማወቅ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

በዚያ ቀን ልጅቷ ውሃውን ጠጥታ እንደተለመደው ከአያቷ ጋር ሄደች። ከቆራቢዎቹ ተራ መካከል ለመውጣት ብታስብም፣ ከፊቷም ከኋላዋም የሚያውቋት ልጆች ቆመዋል፤ ብትወጣ ለምን ወጣሽ ሊሏት ነው። ተራዋ ደረሰ። ተቀበለች። አፏን በነጠላ ሸፍና ወደ ቤት ስትሄድ ዓይኗ ብቻ ይታይ ነበር፤ እንባዋን ያዩት ጓደኞቿ ናቸው።

«ለምን አልነገረችኝም?» አልኩ። «መጀመሪያ ስጠይቅ እጇን ለምን አላወጣችም?»

«ጾም አይወራም ብለዋታል አያቷ» አለች ጓደኛዋ፣ ይህን አለማወቄ እየገረማት።

«ታዲያ እናንተ እጃችሁን ያወጣችሁት?»

አንዷ ወደ አንዷ አየች። «እኔ ጠዋት ዳቦ በልቻለሁ» አለች አንደኛዋ።

ቀትር ላይ ለእህቴ ከዚህ በኋላ አልመጣም አልኳት። የሆነውን ስነግራት ፊቷ ተለወጠ፤ መቅረቴን ግን አልተቀበለችም።

«ጥፋት ስትሠራ ትተህ ነው የምትሄደው? ነገ ገመድ የሚያዞር የለኝም። አሁን ሂድና ልጅቷን አናግራት።»

«አያቷንስ?»

«ልጅቷን አልኩህ።»

ሰማኋት፤ ግን እንደሚገባው አልሰማኋትም።

ቤታቸው ወደ ለቡ መውጫ ነው። ከታክሲ ወርጄ በኮንዶሚኒየሞቹና ባላለቁ ሕንፃዎች መካከል በእግር ገባሁ። እዚያ መካከል ከተማው ሳይደርስ በፊት የነበረ ግቢ ተርፏል፤ የእንጨት አጥር፣ የሣር ክምር፣ ሦስት ላሞች የሚያድሩበት ጋጣ። አያቷ ከአባት ከአያታቸው ጀምሮ እዚያው ያረሱ ገበሬ ናቸው። ማሳው ሕንፃ ሆኖ አሁን ወተት ይሸጣሉ፤ በጾም ወተት ስለማይነሳ ግን ለቅቤ ያጠራቅሙታል። ስደርስ ላሚቱን በኦሮምኛ እየተቆጡ ሣር ይሰጧት ነበር። እኔን ሲያዩ ወደ አማርኛ ተመለሱ።

«የልጆቹ አስተማሪ ነህ? ግባ፣ ግባ፤ ዝናብ ይመታሃል።»

ልጅቷ በሩ ጥግ ላይ ቆማ ነበር። ስታየኝ ጭንቅላቷን ትንሽ፣ በጣም ትንሽ ነቀነቀች። እንዳትናገር ማለቷ እንደሆነ ገብቶኛል። ገብቶኝ እያለ ነው የተናገርኩት።

«አባባ፣ የመጣሁት ይቅርታ ልጠይቅ ነው። ትናንት ልጅቷን ሳትፈልግ ውሃ አጠጥቻታለሁ። እንቢ ስትል አስገድጃት ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ የእሷ አይደለም።»

ይህ በመንገድ ላይ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበር። አጭር፣ ግልጽ፣ ኃላፊነት የሚወስድ። ሽማግሌው ሣሩን አስቀምጠው እጃቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ።

«ከቅዳሴ በፊት መሆኑ ነው?» አሉኝ።

እኔ ብሆንም የምጠይቀው ይህንኑ ነው። ትክክለኛው ጥያቄ ይህ ነው። ልጅቷ በሩን በሁለት እጇ ይዛለች። ለጥያቄ መልስ እየሰጠሁና እየተቀበልኩ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ቀጥተኛ ጥያቄ ሲመጣ ቀጥተኛ መልስ ከአፌ ይወጣል።

«በፊት ነው፣ አባባ።»

ልጅቷ በሩን ለቀቀችና በጋጣው ጀርባ ሮጠች። ላሞቹ ቀና ብለው አዩ። ሽማግሌው አልተከተሏትም። በርጩማ ሰጥተውኝ እሳቸውም ተቀመጡ፤ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ያ ዝምታ ለማስወራት አልነበረም።

«ውሃውን ተወው» አሉ በመጨረሻ። «ልጅ ናት፤ አንተም አላወቅህም። የንስሐ አባታችን አሉ፤ ያዩታል።»

«አመሰግናለሁ፣ አባባ።»

«ትናንት ሌሊት አልተኛችም። እኔም አልተኛሁም። አንድ ነገር እንዳለ አውቄያለሁ። ሁለቴ መኝታዬ ድረስ መጥታ ተመለሰች።»

«ለምን አልጠየቋትም?»

«ብጠይቃት ትነግረኝ ነበራ።» እንደማላስተውል ሰው አዩኝ። «ያኔ የነገረችኝ ስለጠየቅኳት ነው የሚሆነው። ራሷ እስክትመጣ ነው የጠበቅኩት። ዛሬ ማታ ትመጣ ነበር።»

ንግግራቸው ቁጣ አልነበረበትም። ቢቆጡኝ ይሻል ነበር። ወደ ታክሲ ስመለስ ለጠየቁኝ ጥያቄ መልሱ መጣልኝ፤ «ይህን እሷን ይጠይቋት» ማለት ነበረብኝ። ውሸት አይደለም፤ ማንንም አይጎዳም። የእኔ እውነት ግን ለልጅቷ አልጠቀማትም። የጠቀመው ለእኔ ነው፤ እፎይ ብዬ ልሄድ ነበር የመጣሁት። በእኔ ትእዛዝ ጾሟን ፈታች፤ ይቅርታ ልጠይቅ ብዬ ሄጄ ደግሞ ኑዛዜዋን ከእጇ ነጠቅኋት። ሁለተኛው ከመጀመሪያው የከፋ ነው፤ ምክንያቱም ያን ጊዜ ዓይኗን አይቼ ገብቶኛል።

በሚቀጥለው ቀንም አልመጣችም። ከዚያ በኋላ ባለው ጠዋት መጣች። ገመዱን ለሌላ ሰው ሰጥቼ ሸራው ሥር ጠራኋት። ዝናብ ይጥል ነበር፤ ልጆቹ ሌላኛው ጫፍ ላይ ይንጫጫሉ።

«ይቅርታ አድርጊልኝ» አልኳት። «ውሃውን ማስገደድ አልነበረብኝም።»

የጫማዋን ክር እያየች «የውሃው አይደለም» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ልነግረው ነበር እኮ። እንዴት ብዬ እንደምጀምር ሁሉ አስቤ ነበር።» ቀና አለች። «እርስዎ ቀደሙኝ።»

እኛ ቢሮ ውስጥ «ቀደምን» የምስጋና ቃል ነው። ወሬ ከሌላው አስቀድሞ ያመጣ ሰው ትከሻው ይመታል። ስንት ጊዜ ተመትቶልኛል። ከዚያች ልጅ አፍ ስሰማው ግን ምስጋና አልነበረም፤ «አዎ፣ ቀደምኩሽ» አልኩ። አንገቷን ነቅንቃ ወደ ልጆቹ ሄደች። በቀሩት ቀናት ሰላም ትለኝ ነበር፤ ከዚያ ያለፈ አንድ ቃል አልጨመረችም። የንስሐ አባቷ ምን እንዳሏት፣ በበዓሉ ትቆርብ ወይም አትቆርብ እንደሆነ ጓደኛዋን ጠይቄ ማወቅ እችል ነበር። ያቺ ወሬኛ ለመናገር ዝምታ እንኳ አትፈልግም ነበር። አልጠየቅሁም። ሳይጠይቁ መቆየት ምን ያህል እንደሚከብድ ያወቅሁት ያኔ ነው።

የጾሙ ፍቺ ዕለት ጠዋት ስልኬ ጮኸ። ሽማግሌው ናቸው፤ ቁጥሬን ከትምህርት ቤቱ ወስደው።

«ዛሬ እኛ ጋ ነው የምትፈስከው። እንቢ እንዳትለኝ።»

መሄድ ፈርቼ ነበር። ሄድኩ። የልጅቷ እናት፣ አጎቷና ሚስቱ በማዕዱ ዙሪያ ተቀምጠዋል። ዶሮው ቀርቧል፤ አይቡ በጎን አለ፤ ያ ሁሉ ሲጠራቀም የሰነበተ ቅቤ ቤቱን አውዶታል። ልጅቷ ነጭ ቀሚስ ለብሳ ከአያቷ ጎን ተቀምጣለች። እናቷ ዛሬ ጠዋት መቁረቧን ለአጎቷ ስትናገር ሰማሁ። እንጀራ ልጠቅልል ዘርግቼው የነበረው እጄ ቆመ፤ ማንም ግን አላየኝም።

«እኔን የገረመኝ ግን» አለ አጎቷ እየጎረሰ፣ «የዚህ የውሃ ነገር ምንድን ነው? ግማሹን ነው የሰማሁት።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። አፌን ልከፍት ስል ሽማግሌው እጃቸውን ጉልበቴ ላይ አሳረፉ። ወደ ልጅ ልጃቸው እንኳ አላዩም። ዝም ብለው እጃቸውን አሳረፉ።

«እኔ ልንገርህ» አለች ልጅቷ።

ተነስታ ቆመች። መጀመሪያ ድምጿ ቀጭን ነበር፤ ከዚያ እየጠነከረ ሄደ። ስንሰለፍ እንዴት እንደምንቆም፣ እኔ ፊሽካዬን እንዴት እንደምነፋ አሳየች፤ ጉንጯን ነፍታ ደረቷን ገልብጣ «የማይጠጣ ልጅ አይቀመጥም!» ስትል እናቷ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ያን ቀን ዝናብ ይዘንብ ነበር አለች፤ አይዘንብም ነበር፣ ፀሐይ ነበር። ሦስት ኩባያ አጠጣኝ አለች፤ አንድ ነው። አፍንጫዬን ይዞ ነው ያጠጣኝ አለች፤ አልነካኋትም። ከዚያ የቆራቢዎቹ ተራ ላይ ስትደርስ ፈጥና አላለፈችውም። እግሬ መውጣት ፈልጎ እንቢ አለኝ አለች። ፈራሁ አለች። ሳቁ ቆመ። ማታ ለአያቷ ልትነግራቸው ሁለቴ መጥታ እንደተመለሰች ነገረቻቸው፤ በሦስተኛው ልነግረው ነበር አለች፤ ከዚያም በጣቷ እኔን ሳታሳይ፣ ስሜንም ሳትጠራ፣ «ግን ሰው መጣ» ብላ ተቀመጠች።

አጎቷ ወደ እኔ ዞረ። «ሦስት ኩባያ? አፍንጫዋን ይዘው?» አለኝ ዓይኑን አፍጥጦ። «እንደዚህ ነው የሆነው?»

በሕይወቴ የሰውን ቃል ሳላርም አሳልፌ አላውቅም። ልጅቷ ጉርሻዋን ይዛ ትጠብቀኛለች።

«እሷ እንዳለችው ነው» አልኩ።